ከእንግዶች ማደሪያው በኋላስ?

(በአዲስ አበባ በምዕመናን ተወካዮችና በፕሮጀክት ሠራተኞች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



እንድንናገር የተጠየቅነው ጎዳና ላይ የወደቁ ወገኖቻችን እንደገና ራሳቸውን ችለው እንዲኖሩ ስለሚደረገው አገልግሎት ነው። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ፊት ስንቆም አብዛኛውን ጊዜ ይዘን የምንቀርበው የአልጋዎቹን ብዛትና የምረቃውን ፎቶግራፍ ነው። ዛሬ ግን የራሳችንን አንድ ስህተትና ከእርሱ የተማርነውን ይዘን መጥተናል። ገንዘባችሁንና ጸሎታችሁን የምትሰጡ እናንተ ናችሁና፣ ደስ ያሰኘንን ብቻ ሳይሆን ያሳፈረንንም ልትሰሙ ይገባችኋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል፤ ሰብከነዋልም። ነገር ግን ሳምራዊው ያደረገውን በጣታችን ብንቆጥር ሦስት ነገር እናገኛለን። መጀመሪያ በቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት። ሁለተኛ በራሱ እንስሳ ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደውና አስታመመው፤ በማግስቱም ለማደሪያው ባለቤት ሁለት ዲናር ከፈለ። በማቴዎስ ምዕራፍ 20 በወይን አትክልት ሠራተኞቹ ምሳሌ እንደምናየው አንድ ዲናር የአንድ ቀን ሠራተኛ ደመወዝ ነው። እንግዲህ የሁለት ቀን ደመወዙን ሰጠ ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ዘለን የምናልፈው ነው፤ ይኸውም ተመልሶ እንደሚመጣና ከዚያ በላይ የወጣውንም እንደሚከፍል ቃል መግባቱ ነው።

እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ለዓመታት ስንሠራ ቆይተናል። ሦስተኛውን ግን አልሠራንም ነበር። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

ሰው እንዴት ጎዳና ላይ ይወድቃል?

ብዙ ሰው ጎዳና ላይ የሚያድረው ሁሉ ሰነፍ ወይም ሱሰኛ ይመስለዋል። ከእኛ ጋር ያደሩትን ሰዎች ታሪክ ብትሰሙ ግን ነገሩ እንዲህ ሆኖ አታገኙትም። አንዱ ወጣት የዘመዱን ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከገጠር ይነሣል፤ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ መሽቷል፤ ቢደውል ስልኩ አይነሣም፤ የመጀመሪያውን ሌሊት በረንዳ ላይ ያድራል። አንዷ በሰው ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ትቆይና ከእመቤቲቱ ጋር በተጣላችበት ምሽት ጓዟን በፌስታል ይዛ ትወጣለች። ሌላዋ ከዓረብ አገር ተመልሳ የላከችው ገንዘብ ሁሉ ማለቁን ስታውቅ ባዶ እጅዋን ወደ ወላጆቿ መሄድ ታፍራለች። ሚስቱ ሞታበት፣ ቀጥሎም ታሞ ከሥራ የወጣ፣ የቤት ኪራይ የተወዘፈበት አባወራ አለ። አእምሮው ታውኮ ለሕክምና ወይም ለጸበል ከአገሩ መጥቶ በዚያው የጠፋ አለ። በጦርነት ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣም አለ።

እነዚህን ሁሉ አንድ የሚያደርጋቸው ድህነት ብቻ አይደለም። በዚህ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ስድስትና ሰባት ሆነው የሚኖሩ ብዙ ድሆች አሉ፤ ግን ጎዳና ላይ አልወደቁም። ለምን ቢባል ዋስ የሚሆናቸው፣ እስከ ደመወዝ የሚያበድራቸው፣ ሲጣሉ የሚያስታርቃቸው፣ ሲታመሙ አጥሚት የሚያመጣላቸው ሰው ስላላቸው ነው። ጎዳና ላይ የሚወድቀው ድሃ የመጨረሻው የዘመድ ገመድ የተበጠሰበት ነው።

በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ተኝቶ የነበረውን ሰው አስታውሱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ ነበር። ጌታ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ሲጠይቀው ሰውየው እንደሚፈልግ ወይም እንደማይፈልግ አልመለሰም። ስለ ሕመሙም አላወራም። የመለሰው ወደ ውኃው የሚያስገባው ሰው እንደሌለው ነው። ከሕመሙ ይልቅ የከበደው ይህ ነበረ።

ያጨበጨብንለት ሰው

በአገልግሎታችን መጀመሪያ ዓመታት ሥርዓታችን እንዲህ ነበር። ከጎዳና የመጣው ሰው ታጥቦ፣ ልብስ ተሰጥቶት፣ ታክሞ በመጠለያው ይቆያል። ሥራ ይለምዳል፤ ይቆጥባል። ጊዜው ሲደርስ መነሻ ገንዘብና የሥራ መሣሪያ እንሰጠዋለን፤ ክፍል እንከራይለታለን። ከዚያም የምረቃ ቀን አዘጋጅተን መዘምራን ይዘምራሉ፤ ሽማግሌዎች ይጸልያሉ፤ እንግዶች ያጨበጭባሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል። እርሱ በበሩ ሲወጣ አልጋው ለሚቀጥለው ሰው ይሆናል። በሪፖርታችንም ራሱን የቻለ ተብሎ ይመዘገባል።

ከተመረቁት መካከል በአርባዎቹ ዕድሜ የሚገኝ አንድ ሰው ነበር። ስሙን አንጠራም። ትጉህና ዝምተኛ ነበር። በመጠለያው ማለዳ የሚነሣው፣ ግቢውን የሚጠርገው እርሱ ነው። ልጆቹ ሁሉ «ጋሼ» ይሉት ነበር። የእጅ ጋሪና ጥቂት ገንዘብ ሰጥተን፣ የሁለት ወር ኪራይ ከፍለን አስመረቅነው። እንደ እርሱ ያለ ጥሩ ፍሬ የለንም ብለን ነበር።

ከአራት ወር በኋላ አንድ ባልደረባችን በማለዳ ሲያልፍ አንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ላይ በካርቶን ላይ ተኝቶ አገኘው። ጋሪው የለም። ባልደረባችን አጠገቡ ቁጭ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ምነው? ምን አገኘዎት?» ሲል ጠየቀው። መጀመሪያ ፊቱን ሸፈነ። ኋላ ግን ሻይ እየጠጡ ተናገረ። ታይፎይድ ይዞት ሁለት ሳምንት ተኝቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ቀን በሩን ያንኳኳ የለም። ኪራዩ አለፈ፤ ጋሪውን ሸጦ ከፈለ፤ ከዚያ በኋላ መሥሪያም አልነበረውም።

«ገንዘቡ አላነሰኝም ነበር» አለ። «የፋሲካ ዕለት ዳቦ ገዝቼ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ብቻዬን ቁጭ አልሁ። እናንተ ዘንድ በአንድ ትሪ የምንበላ አምስት ነበርን። በረንዳም ላይ ቢሆን አጠገቤ የሚተነፍስ ሰው ነበር።»

ባልደረባችን፣ «ታዲያ ሲቸግርዎት ለምን ወደ እኛ አልመጡም?» አለው።

«ልጄ፣ ያን ያህል ሰው አጨብጭቦልኝ ከወጣሁ በኋላ በየትኛው ፊቴ ልምጣ?»

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል በማግስቱ በሠራተኞች ጸሎት ላይ በሰማን ጊዜ ማናችንም መናገር አልቻልንም። ደጁን ከፍተን የተውንለት መስሎን ነበር። ለካስ በጭብጨባችን ዘግተንበታል። ሳምራዊው ተመልሼ እመጣለሁ ያለው ራሱ ነው፤ ቁስለኛው እንዲመጣ አልጠበቀም። እኛ ግን የታመመው ሰው ተነሥቶ ወደ እኛ እንዲመጣ ስንጠብቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ የለወጥነው

ከዚያ ወዲህ መዝገቡን አውጥተን የተመረቁትን ሁሉ አንድ በአንድ መፈለግ ጀመርን። ያገኘናቸውም አሉ፤ ያላገኘናቸውም አሉ። ካገኘናቸው በተማርነው መሠረት ሥራችንን በአራት ነገር ለወጥን።

አንደኛ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ መታወቂያ እናወጣለን። መታወቂያ የሌለው ሰው ቤት አይከራይም፤ ባንክ ደብተር አይከፍትም፤ ቋሚ ሥራ አይቀጠርም። የወረዳ መታወቂያ ለማውጣት ደግሞ ከቀድሞ ወረዳው መሸኛ ይጠየቃል። ይህ ሰው ግን ከአገሩ የወጣው በሌሊት ወይም በጦርነት ይሆናል። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በ2015 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1284 ከተደነገገ ወዲህ ማስረጃ የሌለው ሰው በምስክር መመዝገብ ይችላል፤ ይህም ትልቅ በር ከፍቷል። ነገር ግን አስተውሉ፤ እዚህም ላይ የሚያስፈልገው ሰው ነው። ይህን ሰው አውቀዋለሁ ብሎ አብሮት የሚቆም ምስክር ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፣ በመጠለያው ውስጥ ሳለ በራሱ እንዲወስን እናደርጋለን። ቀድሞ ሁሉን እኛ ነበርን የምንወስነው፤ የሚበላውን፣ የሚነሣበትን ሰዓት፣ የቁጠባውንም ገንዘብ ጭምር። ሰው ስድስት ወር ሙሉ ሽሮ የሚገዛበትን ሱቅ እንኳ ሳይመርጥ ኖሮ በሰባተኛው ወር በድንገት ራስህን ቻል ቢባል እንዴት ይችላል? አሁን እያንዳንዱ ቁልፍ ያለው ሣጥን አለው፤ ቁልፉም በእርሱ እጅ ነው። ቁጠባው በስሙ ባንክ ይገባል። በሳምንት አንድ ቀን ተራ ደርሶት ለቡድኑ ገበያ ወጥቶ ገዝቶ ያበስላል። አንዳንዴ ወጡ ይጨዋል፤ አንዳንዴ ገንዘቡ ይጎድላል። ብቻውን በወጣ ቀን ከሚጎድልበት እዚህ ቢጎድልበት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ብቻውን አናስወጣም። የሚስማሙ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች አንድ ክፍል እንዲከራዩ እናደርጋለን። ኪራይ ይካፈላሉ፤ አንዱ ቢታመም አንዱ ውኃ ያቀብለዋል። በመካከላቸውም ትንሽ እቁብ ይጥላሉ። በሚሄዱበት ሰፈር ወደሚገኘው እድር ወስደን እናስመዘግባቸዋለን፤ መመዝገቢያውን እኛ እንከፍላለን፤ ወርሃዊ መዋጮውን ግን ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ እነርሱ ይከፍላሉ።

አራተኛ፣ የምረቃ በዓሉን አስቀርተን ጉብኝትን ተከልን። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ፣ በበዓል ቀን ደግሞ ሳናጓድል እንሄዳለን። የምንሄደው ልንቆጣጠር አይደለም፤ ቡና ልንጠጣ ነው። የተሰበረም ካለ በዚያ እናየዋለን። ወደ መጠለያው መመለስ ያስፈለገው ሰው ቢኖር ወደቀ አንለውም። ቤቱ እንደ መጣ ልጅ እንቀበለዋለን።

ያ የእጅ ጋሪ ያለው ወንድማችን ተመልሶ ከእኛ ጋር ጥቂት ወራት ቆየ። አሁን ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተከራይቶ ይኖራል። ጭብጨባ አላደረግንለትም። ጓዙን ሲያጓጉዝ ግን አብረን ተሸክመናል።

ስለ ፈረስና ስለ ሰው

ይህ ሐሳብ በእኛ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1865 በምሥራቅ ለንደን ድሆች መካከል አገልግሎቱን የጀመረው፣ ኋላም ሳልቬሽን አርሚ የተባለውን ማኅበር የመሠረተው ዊልያም ቡዝ በ1890 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ለንደን የጋሪ ፈረስ ተናግሮ ነበር። ፈረስ መንገድ ላይ ቢወድቅ ሰው ሁሉ ተረባርቦ ያነሣዋል፤ በጥፋቱ ነው ወይስ በድካሙ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በሕይወት እስካለም ድረስ ማደሪያ፣ መኖና ሥራ አለው። ቡዝ ለሰውም ይህ ያህል እንኳ ይደረግለት አለ።

በእኛም ከተሞች ጋሪ የሚጎትት ፈረስ እናውቃለን። ደግሞም ቡዝ ራሱ እንዳስተዋለው ፈረሱ አንዳንዴ የሚነሣው መንገድ እንዳይዘጋ ተብሎ ነው። ሰውንም እንዲሁ ለበዓል ወይም ለስብሰባ መንገዱ እንዲጸዳ ብለን ብናነሣው፣ በማግስቱ በሌላ መንገድ ላይ እናገኘዋለን። ማንሣት ብቻውን አይበቃም። ፈረሱ ከተነሣ በኋላ ወደ ጋጣው የሚወስደው ባለቤት አለው። ሰውም ከተነሣ በኋላ የእኔ ነው የሚለው ወገን ያስፈልገዋል።

ስለ እንጀራና ስለ ወንጌል

አንዳንድ ምዕመናን፣ «ስንቱ አመነ?» ብለው ይጠይቁናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኛም የወንጌል ሰዎች ነን፤ በመጠለያው ጧትና ማታ ጸሎት አለ። ነገር ግን እንጀራን ለጸሎት መክፈያ አናደርግም። ወደ ጸሎቱ የማይገባውም እኩል ይበላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾሙት የጾም ወጥ ይሠራል። በረመዳን ለሚጾሙት ማፍጠሪያቸው ተለይቶ ይቀመጣል። የተራበ ሰው ለቁራሽ ሲል አሜን ቢል አሜኑ ለእኛ ነው እንጂ ለእግዚአብሔር አይደለም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1964 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1972)፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ በወንጌል ስብከትና በሰው ልጅ ልማት መካከል ስላለው ግንኙነት ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ ለእኛ አሁንም መመሪያችን ነው። በዚያን ጊዜ ከውጭ የሚመጣው ርዳታ ለልማት ሰፊ፣ ለስብከት ጠባብ ሆኖ ነበርና ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ሙሉ ሰው ሆኖ ይታይ፤ ሥጋውና ነፍሱ አይከፈል ስትል ጠየቀች። ዛሬ እኛም እንጀራ ሰጥተን ወንጌልን ብንደብቅ ሰውን ከፍለነዋል። ወንጌልን ሰብከን በሌሊት በረንዳ ላይ ብንተወውም እንዲሁ ከፍለነዋል።

በለቅሶ ድንኳን ሥር

ከመዝጋታችን በፊት አንድ ነገር እንጨምር። ከዓረብ አገር ተመልሳ ከሕፃን ልጇ ጋር ጎዳና ላይ የነበረች አንዲት እኅት ከእኛ ጋር ቆይታ ወጥታለች። ዛሬ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተከራይታ ጧት አምባሻ ትጋግራለች፤ ከሰዓት በኋላ ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም ትሸጣለች። በአንድ ቀን ልንጠይቃት ሄደን ቤቷ ተዘግቶ አገኘነው። ልባችን ደነገጠ። ጎረቤት ብንጠይቅ፣ «ለቅሶ ቤት ናት፤ እድር ናት እኮ» አሉን።

ሄድን። ድንኳኑ ጀርባ እጅጌዋን ሰብስባ ከሴቶቹ ጋር ሳሕን ታጥባለች። አንዲት እናት በልጇ ስም፣ «የእገሌ እናት፣ ውኃውን አቀብይኝ» ብለው ሲጠሯት ሰማን። ስታየን ፈገግ አለችና፣ «ዛሬ ቡና አላፈላላችሁም፤ ሥራ ላይ ነኝ» አለችን። ቆመን ለቅሶውን ደርሰን ተመለስን።

በመንገዳችን ላይ ስለ አንድ ነገር ተነጋገርን። ራስን መቻል ማለት ሰው አያስፈልገኝም ማለት ይመስለን ነበር። እንዲህ ቢሆንማ ያ ወንድማችን በዘጋው በር ውስጥ ብቻውን ሳለ ራሱን ችሎ ነበር ማለት ነው። ይህች እኅት ግን ራሷን የቻለችው ለሌላው ሰው በሆነች ቀን ነው። ሰው ያልነበራት ዛሬ ለኀዘንተኞች ሰው ሆናላቸዋለች።

የምንለምናችሁ

ምዕመናን ሆይ፣ ገንዘባችሁን እናመሰግናለን፤ ያስፈልገናልም። ይሁን እንጂ ዛሬ የምንለምናችሁ ከገንዘብ የሚከብደውን ነው። የሚከራይ ክፍል ያላችሁ ከእኛ ዘንድ ለሚወጡት አከራዩ። ለመታወቂያ ምስክር፣ ለሥራ ዋስ ሁኑ። ድርጅት ያላችሁ አንድ ሰው ቅጠሩ። እያንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ቤተሰብ መርጦ ለአንድ ወጪ ዘመድ ያድርግልን። ዘመድ ስንል በገና በፋሲካ የሚጠራው፣ ሲቀር ለምን ቀረ ብሎ የሚፈልገው ማለታችን ነው።

የፕሮጀክት ባልደረቦቻችን ሆይ፣ በሪፖርታችን ላይ የምንጽፈውን እንመርምር። ስንት አልጋ ተያዘ የሚለው ቁጥር ሁለተኛውን የሳምራዊውን ሥራ ብቻ ይቆጥራል። ከወጣ ከዓመት በኋላ ማን በቤቱ አለ? ማን እድር ገባ? ይህን እንጠይቅ። ለጉብኝት የሚወጣውን የትራንስፖርትና የቡና ገንዘብም በበጀታችን ላይ ለማስፈር አንፈር። ሳምራዊውም ከዚያ በላይ የሚወጣ ወጪ እንዳለ አስቀድሞ አስቦ ነበር።

ጌታችን ራሱ ሰማያዊ ክብሩን ትቶ ወደ እኛ መጣ፤ ተመልሶም እንደሚመጣ ተስፋ ሰጥቶናል። ተመልሶ የሚመጣ ጌታ ያለን ሕዝብ፣ በመንገድ ዳር ያነሣነውን ወንድማችንን ተመልሰን ሳናየው እንዳንቀር እርሱ ይርዳን።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።